የአሮጌው ፒክአፕ ንዝረት፤ ከላንቴ ሜዳ እስከ ኦቾሎ አቀበት

ከአርባ ምንጭ ወደ ሶዶ የሚወስደው አስፋልት በጫኖና በላንቴ የሙዝ እርሻዎች መካከል አልፎ የአባያ ሐይቅን ምዕራባዊ ዳርቻ ተከትሎ ወደ ሰሜን ሲዘልቅ፣ በስተግራ በኩል ከሜዳው በሚነሣው የተራራ ግድግዳ ላይ የኦቾሎ መንደር ይታያል። ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,600 እስከ 2,100 ሜትር ባለው ከፍታ ላይ ዓለት ተደግፎ የተሠራው ይህ መንደር ከታች ካለው ሜዳ ጋር የሚገናኘው በድንጋያማ አቀበት ሲሆን፣ በእንዲህ ዓይነቱ መንገድ ላይ ሙዙን፣ ማዳበሪያውን፣ ሲሚንቶውንና ሰውን የማመላለሱ ሥራ ከሚወድቅባቸው ተሽከርካሪዎች አንዱ ዕድሜው ሃያና ሠላሳ ዓመት የተሻገረው የናፍጣ ፒክአፕ ነው። ይህን መኪና የሚያሽከረክር ሰው ከጠባዮቹ ሁሉ አስቀድሞ የሚያውቀው ንዝረቱን ነው፤ መሪው እጅ ላይ ይርገበገባል፣ መስታወቱ ከኋላ የሚመጣውን መኪና አደባልቆ ያሳያል፣ የማርሽ ዘንጉ በቆመበት ይንቀጠቀጣል፣ የጋቢናው ቆርቆሮ ሳያቋርጥ ይንኳኳል።

እነዚህ መኪኖች ከመንገድ የሚወጡበት ጊዜም ቅርብ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ያገለገሉ ተሽከርካሪዎች ወደ አገር ሲገቡ እንደ ዕድሜያቸው የሚከብድ ታክስ ስለጣለባቸው፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ስለተከለከለ፣ በአገር ውስጥ ያለው አሮጌ መኪና ተፈላጊነቱ ጨምሯል፤ ባለቤቱም ከመለወጥ ይልቅ እያደሰ መያዝን መርጧል። ከመኪናው ጋር አብሮ የሚኖር ሰው ደግሞ ከንዝረቱ ጋር አብሮ መኖር ግድ ይለዋል። አብሮ ለመኖር ግን በቅድሚያ መለየት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም በአሮጌ የናፍጣ መኪና ላይ የሚሰማው ንዝረት ሁለት ነው። አንደኛው ሞተሩ ከፋብሪካ ሲወጣ ይዞት የመጣውና ምንም ዓይነት ጥገና የማያጠፋው ሲሆን፣ ሁለተኛው በእርጅና፣ በጭነትና በመንገድ ምክንያት ቀስ በቀስ የተጨመረው ነው። ሁለተኛው በወራትና በዓመታት እያዘገመ ስለሚመጣ ሰውነት ይለምደዋል፤ ባለቤቱም «የናፍጣ ጠባይ ነው» ብሎ የሚድን ሕመም ተሸክሞ ይኖራል። ሌላው ባለቤት ደግሞ የመጀመሪያውን ዓይነት ንዝረት ለማጥፋት ከጋራዥ ጋራዥ እየዞረ ያልተበላሸ ዕቃ ያስቀይራል። በሁለቱም በኩል የሚጠፋው ገንዘብ በብዙ ልፋት የተገኘ ስለሆነ፣ ልዩነቱን ማወቅ ለባለቤቱም ለሾፌሩም ይጠቅማል።

የናፍጣ ሞተር ሻማ የለውም። ጀርመናዊው መሐንዲስ ሩዶልፍ ዲዝል እ.ኤ.አ. በ1897 በአውግስቡርግ ሠርቶ ያሳየው ሐሳብ፣ አየርን በኃይል በመጭመቅ እስኪግል ድረስ ማሞቅና ናፍጣውን በዚያ ግለት ላይ በመርጨት እንዲቀጣጠል ማድረግ ነው። ይህ እንዲሆን አየሩ እጅግ መታመቅ አለበት፤ ለምሳሌ ለረጅም ዘመን በቶዮታ ሃይሉክስ ላይ የተገጠመው 2,446 ሲሲ የሆነው «2ኤል» ሞተር አየሩን ከነበረበት መጠን ወደ አንድ ሃያ ሁለተኛ ገደማ ያጭቀዋል፤ በዚያ ዘመን የነበረ የቤንዚን ሞተር ግን ከዘጠኝ ወይም ከአሥር አንድ እጅ አያልፍም ነበር። በዚህ ላይ የቤንዚን ሞተር በሚኒሞ ሲሠራ፣ ማለትም ነዳጅ ሳይረገጥ በዝቅተኛ ፍጥነት ሲዞር፣ የአየር መግቢያው ስለሚዘጋ ሲሊንደሩ ውስጥ የሚገባው አየር ጥቂት ነው። የናፍጣ ሞተር ግን በሚኒሞም ሆነ በሙሉ ኃይል ሲሊንደሩን በአየር ይሞላል፤ ስለዚህ ሥራ ፈትቶ በቆመበት ጊዜ እንኳ ሙሉ ትንፋሽ አየር ያጭቃል። ፒስተኑ ሲያጭቅ ሞተሩ ይዘገያል፣ ናፍጣው ሲፈነዳ ይወነጨፋል፤ ቮላኖ የሚባለው ከባድ መዘውር ይህን መዘግየትና መወንጨፍ ለማለስለስ ቢገጠምም ሙሉ በሙሉ አያጠፋውም።

መጠኑን በቁጥር ማየት ይቻላል። አራት ሲሊንደር ያለው ሞተር በሚኒሞ በደቂቃ 750 ጊዜ ቢዞር በሰከንድ 12 ጊዜ ተኩል ዞረ ማለት ነው፤ በእያንዳንዱ ዙር ሁለት ሲሊንደር ስለሚፈነዳ በሰከንድ 25 ምት ይኖራል። በሰከንድ የሚደረግ የምት ብዛት ሄርዝ በሚባል መስፈሪያ ስለሚለካ ይህ ንዝረት 25 ሄርዝ ነው ይባላል። ከዚህ ሌላ፣ ፒስተኑን ከክራንክ ሻፍት ጋር የሚያገናኘው ቢዬላ ሲዞር ስለሚያጋድል፣ ፒስተኑ በላይኛው የጉዞው ክፍል ከታችኛው ይልቅ ይፈጥናል፤ ሁለት ፒስተኖች ሲወጡ ሁለት ቢወርዱም ኃይላቸው በትክክል የማይጣፋው በዚህ ምክንያት ነው። ትርፉ ኃይል ሞተሩን በእያንዳንዱ ዙር ሁለት ጊዜ ወደ ላይና ወደ ታች ይገፋዋል። እንግሊዛዊው ፍሬድሪክ ላንቸስተር በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ለዚህ መድኃኒት የሚሆኑ፣ ከሞተሩ በእጥፍ ፍጥነት በተቃራኒ አቅጣጫ የሚዞሩ ሁለት ማመጣጠኛ ዘንጎችን አስቦ ነበር፤ የሚትሱቢሺ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አሻሽሎ ሥራ ላይ ካዋላቸው በኋላ በኤል 200 ፒክአፕ ላይ በሚገኘው 2,477 ሲሲ «4ዲ56» ሞተርም ገብተዋል። የቶዮታዎቹ 2ኤል፣ 3ኤልና 5ኤል ሞተሮች ግን እነዚህ ዘንጎች የሏቸውም፤ ስለዚህ የሃይሉክስ ባለቤት በሚኒሞ የሚሰማውን የተወሰነ መንቀጥቀጥ ጉድለት አድርጎ ሊቆጥረው አይገባም። የኤል 200 ባለቤት ደግሞ ሌላ ኃላፊነት አለበት፤ የማመጣጠኛ ዘንጎቹን የሚያዞረው ትንሹ ቀበቶ ሲበጠስ ዋናውን የሞተር ቀበቶ ይዞ ሊሄድና ሞተሩን ሊሰብር ስለሚችል፣ ጊዜውን ጠብቆ መቀየር አለበት።

ከፋብሪካ የመጣው ንዝረት ወደ ጋቢናው እንዳይዘልቅ የሚያግደው ሞተሩ በሻንሲው ላይ የተቀመጠበት ጎማ ነው። ይህ ጎማ ንዝረት የሚያግድበት መንገድ ብዙ ጊዜ በስህተት ስለሚታሰብ ትንሽ ማብራሪያ ይፈልጋል። ማንኛውም በጎማ ወይም በሞላ ላይ የተቀመጠ ነገር ሲነካ የሚወዛወዝበት የራሱ የሆነ ምት አለው፤ ዥዋዥዌ ላይ ያለ ልጅ በራሱ ምት ልክ ሲገፋ በትንሽ ጉልበት ከፍ እንደሚል ሁሉ፣ የሞተሩ ምትና የጎማው የራስ ምት ሲገጥሙ ንዝረቱ ይባዛል። ይህ መግጠም ሬዞናንስ ይባላል። ጎማው የሚያግደው የሞተሩ ምት ከጎማው የራስ ምት ቢያንስ በአንድ ነጥብ አራት እጥፍ ሲበልጥ ነው። አዲስ ጎማ ለስላሳ በመሆኑ የራስ ምቱ ዝቅተኛ ነውና የሞተሩ 25 ሄርዝ በደህና ያልፈዋል፤ ጎማው በሙቀት ሲደርቅ ወይም ዘይት ሲጠጣውና ሲሰነጠቅ ግን ጠባዩ ይለወጣል። የደረቀው የራስ ምቱ ወደ 20 ሄርዝ ሲጠጋ ንዝረቱን ማገዱን ትቶ ያስተላልፈዋል፤ የተበጣጠሰው ደግሞ ብረትን ከብረት ያገናኛል።

በዚህ ጊዜ ብዙ ሾፌሮች የሚወስዱት እርምጃ ሚኒሞውን ከፍ ማድረግ ነው። ሞተሩ በ750 ፈንታ በ950 ሲዞር ምቱ ወደ 32 ሄርዝ ስለሚወጣ መንቀጥቀጡ በእርግጥ ይቀንሳል፤ ነገር ግን የተደረገው ምልክቱን መሸፈን ነው፤ ናፍጣም ያለ ሥራ ይቃጠላል። ሌላው የተለመደ መፍትሔ ከአሮጌ የመኪና ጎማ ቆርጦ መተካት ነው። የመኪና ጎማ በውስጡ ክርና ሽቦ ስላለው ከሞተር ጎማ ይልቅ ግትር ነው፤ ሞተሩን ከመውደቅ ያድነዋል እንጂ ንዝረቱን አያግድም። ዋናው ዕቃ ተፈልጎ እስኪገኝ ድረስ ካልሆነ በቀር እንደ ጥገና ሊቆጠር አይገባውም። ጎማው መበላሸቱን ለማወቅ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም፤ መኪናው ቆሞ ሞተሩ ሲነሣና ሲጠፋ ቦኔቱን ከፍቶ የሞተሩን መንገዳገድ ማየት፣ በባትሪ መብራት ጎማውን ከብረቱ ጋር የተያያዘበትን ስፍራ መመርመር ይበቃል።

ሁለተኛው የእርጅና ንዝረት ከሲሊንደሮቹ እኩል አለመሥራት ይመጣል። ከአራቱ አንዱ ሲዳከም ወይም ጨርሶ ሳይፈነዳ ሲቀር መካኒኮች ሞተሩ «ሚስ ያደርጋል» ወይም «በሦስት ፒስተን ይሄዳል» ይላሉ። የዚህ ንዝረት ክፋት በምቱ ዝቅተኛነት ነው፤ እያንዳንዱ ሲሊንደር የሚፈነዳው በሁለት ዙር አንድ ጊዜ ስለሆነ፣ አንዱ ሲቀር በ750 ዙር የሚፈጠረው ምት በሰከንድ ስድስት ጊዜ ያህል ነው። ይህን ያህል ዝቅተኛ ምት ምንም ዓይነት የሞተር ጎማ አያግደውም፤ ከታች እንደሚታየው የሰው አከርካሪም ከሁሉ የሚጠላው ይህንኑ ምት ነው። ምክንያቱ የኢንጀክተር አፍንጫ መበላት ወይም መዘጋት፣ የናፍጣ ፖምፓው ለሲሊንደሮቹ እኩል አለማከፋፈል፣ በቱቦዎች ስንጥቅ አየር መግባት፣ የፊልትሮ መዘጋት ወይም የቫልቭና የፒስተን ቀለበት መላላት ሊሆን ይችላል። ከርካሹ ወደ ውዱ መሄድ ይገባል፤ ፊልትሮው ሳይቀየርና ውኃው ሳይፈሰስ፣ የናፍጣ መመለሻ ቱቦዎቹም ሳይታዩ ፖምፓ ማስፈታት አላስፈላጊ ወጪ ነው።

በአሮጌው ሜካኒካል ፖምፓ ላይ የታመመውን ሲሊንደር ለመለየት፣ ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ ወደ ኢንጀክተሮቹ የሚሄዱትን ቱቦዎች ዳዶ አንድ በአንድ ጥቂት ማላላት የቆየ ዘዴ ነው፤ ዳዶው ሲላላ የሞተሩ ድምፅ ካልተለወጠ ቀድሞውንም የማይሠራው ያ ሲሊንደር ነው። ይህን የሚያደርገው የሠለጠነ መካኒክ መሆን አለበት፤ ዓይንና እጅም መሸፈን አለባቸው፤ በኃይል የሚረጭ ናፍጣ ቆዳ በስቶ ሊገባ ይችላልና። ኮመን ሬል በሚባለው አዲስ ሥርዓት በሚሠሩ ፒክአፖች ላይ ግን ግፊቱ ከ1,000 ባር በላይ ስለሚደርስ ይህ ዘዴ ፈጽሞ መሞከር የለበትም።

የጋሞ አቀማመጥ በዚህ ላይ የራሱን ይጨምራል። አርባ ምንጭ 1,285 ሜትር ገደማ ላይ ስትገኝ፣ 37 ኪሎ ሜትር ብቻ የምትርቀው ጨንቻ ከ2,700 ሜትር በላይ ናት። በዚያ ከፍታ የአየር ግፊቱ ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር በሩብ ገደማ ይቀንሳል፤ ቱርቦ የሌለው አሮጌ ሞተር የሚስበው አየር በዚያው ልክ ሲያንስ፣ ፖምፓው ለቆላ የተስተካከለውን ያህል ናፍጣ መርጨቱን ይቀጥላል። ውጤቱ በአቀበት ላይ ጥቁር ጭስና የኃይል ማነስ ነው። በጨንቻ ጠዋት ደግሞ ቀዝቃዛና ስስ አየር ሲታጨቅ የሚደርስበት ግለት ዝቅ ስለሚል፣ የሲሊንደር ማሞቂያ ካንዴላዎቹ ከደከሙ ሞተሩ ነጭ ጭስ እየተፋ እስኪሞቅ ድረስ በኃይል ይንቀጠቀጣል። ላንቴ ሜዳ ላይ በአንድ ጊዜ የሚነሣ መኪና ጨንቻ አድሮ እንዲህ ቢሆን የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ካንዴላው ነው፤ መኪናው ሞቆም መንቀጥቀጡ ከቀጠለ ግን የሲሊንደሮቹን እምቀት ማስለካት ይገባል።

እስካሁን የተባለው መኪናው ቆሞ ስለሚሰማው ነው። በጉዞ ላይ የሚመጣውን ከዚህ ለመለየት ቀላል መንገድ አለ፤ ሜዳማና ባዶ በሆነ አስፋልት ላይ ንዝረቱ በተሰማበት ፍጥነት ለአፍታ ፍሪሲዮን መርገጥ ነው። ሞተሩ ወደ ሚኒሞ ሲወርድ ንዝረቱ አብሮ ከወረደ ከሞተሩ ነው፤ መኪናው እየተንሸራተተ ንዝረቱ ካልተለወጠ ከጎማ፣ ከቸርኬ ወይም ከፕሮፔለር ሻፍት ነው። ይህ ሙከራ በኦቾሎም ሆነ በጨንቻ ቁልቁለት ላይ አይደረግም፤ በቁልቁለት ሞተርን ከጎማ መለየት ፍሬን ያቃጥላል፣ ሕይወትም ያጠፋል።

በክረምት ወቅት ከሚያጋጥሙ የመንገድ ንዝረቶች መካከል ቀላሉ በቸርኬው ውስጠኛ ጎን ተለጥፎ የደረቀ ጭቃ ነው። መቶ ግራም ጭቃ ከመሐል 20 ሴንቲ ሜትር ርቆ ቢጣበቅና መኪናው በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ቢሄድ፣ ጎማው በሰከንድ አሥር ጊዜ ያህል ስለሚዞር በእያንዳንዱ ዙር የስምንት ኪሎ ክብደት የሚያህል ኃይል ጎማውን ይጎትተዋል። ከተራራ ወርዶ አስፋልት ላይ ሲደርስ መሪው መንቀጥቀጥ የጀመረበት ሾፌር ወደ ጎሚስታ ሄዶ ባላንስ ከማስደረጉና ቴስቲና ከማስቀየሩ በፊት ቸርኬውን ከውስጥ በኩል አጥቦ ቢሞክር ብዙ ወጪ ይተርፈዋል። ፕሮፔለር ሻፍቱ ከጎማው አራት እጥፍ ያህል ስለሚዞር የእርሱ ንዝረት ፈጣንና እንደ ጉርምርምታ የሚሰማ ነው። በሁለቱ ጫፎች ያሉት ክሮቼራዎች ሲላሉ፣ ወይም ዘንጉ ለሁለት በተከፈለባቸው ፒክአፖች ላይ መሐሉን የሚይዘው ኩሽኔታ ጎማው ሲበጠስ፣ መኪናው ጭነት ይዞ ሲነሣ ይንዘፈዘፋል። እዚህ ላይ በጥገና ጊዜ የሚፈጠር አንድ ስህተት አለ፤ ክሮቼራ ለመቀየር የተፈታ ዘንግ ሲገጠም የሁለቱ ጫፎች ሹካዎች በቀድሞው አቅጣጫ ካልገጠሙ አንዱ የሚፈጥረውን መወላገድ ሌላው ማረም ስለማይችል፣ ከጥገናው በፊት ያልነበረ ንዝረት ይወለዳል። መካኒኩ ከመፍታቱ በፊት በቀለም ወይም በመዶሻ ምልክት እንዲያደርግ መጠየቅ የባለቤቱ መብት ነው።

የመንገዱ ድርሻም ትልቅ ነው። በጠጠር መንገድ ላይ ጎማዎች ራሳቸው እየደበደቡ የሚሠሩት ተከታታይ ሞገድ በ70 ሴንቲ ሜትር ርቀት ቢደጋገምና መኪናው በ40 ኪሎ ሜትር ቢሄድ፣ ጎማው በሰከንድ 16 ጊዜ ይመታል፤ ይህም የኋላ ዘንግና ጎማ በባሌስትራቸው ላይ ከሚዘሉበት የራሳቸው ምት ብዙ የማይርቅ ነው። ብዙ ሾፌሮች እንደሚያውቁት ፍጥነት ሲጨመር ጎማው የሞገዱን ጫፍ ጫፍ ብቻ ስለሚነካ ጋቢናው ይረጋጋል፤ ግን ጎማው ግማሹን ጊዜ አየር ላይ ስለሆነ ፍሬንም መሪም አይታዘዝም። ጥምዝና ገደል ባለበት መንገድ ላይ ያ ምቾት ሊመረጥ አይችልም፤ የሚሻለው ቀስ ብሎ፣ በ15 እና በ20 ኪሎ ሜትር መሄድ ነው። የኋላ ባሌስትራው አንድ ቶን ገደማ እንዲሸከም ስለተሠራ ባዶ መኪና ከጫነው ይልቅ ያንገጫግጫል፤ ተጨማሪ ቅጠል ማስገባት ለጭነት ቢጠቅምም የባዶውን ጉዞ ያብሰዋል። ባዶ ሲኬድ የኋላ ጎማዎችን ነፋስ በበር ላይ በተለጠፈው ሰሌዳ መሠረት መቀነስ ወጪ የሌለው እፎይታ ነው።

ንዝረቱ በገበያ በኩልም ዋጋ ያስከፍላል። ሙዝ ሳይበስል በአረንጓዴነቱ ተጭኖ በቅጠል ተሸፍኖ ሲጓዝ፣ ከኋላ ዘንግ በላይና በስተኋላ ያለው ንብርብር ከሁሉ የበለጠ ይንቀጠቀጣል፤ ጣቶቹ እርስ በርስ ተፋትገው ቆዳቸው ይላጣል። ጉዳቱ በጭነት ጊዜ ብዙም ባይታይም ሙዙ ሲበስል ጠቁሮ ይወጣል፤ ገዢውም ዋጋ ይቀንሳል። የተሻለውን ሙዝ ወደ ጋቢናው አስጠግቶ መጫንና በንብርብሮቹ መካከል ቅጠል ማብዛት ይህን ያቀልላል።

የሰውን አካል በሚመለከት ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1974 ያወጣውና በ1997 ያሻሻለው አይኤስኦ 2631 የተባለ መመዘኛ፣ ተቀምጦ የሚጓዝ ሰው ከታች ወደ ላይ ለሚመጣ ንዝረት ይበልጥ የሚጋለጠው ከ4 እስከ 8 ሄርዝ ባለው ምት አካባቢ መሆኑን መሠረት አድርጓል፤ በዚህ ምት የሆድ ዕቃና የላይኛው አካል ራሳቸው ይወዛወዛሉ። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2002 ባወጣው መመሪያ ለስምንት ሰዓት ሥራ ንዝረቱ በሰከንድ ካሬ 0.5 ሜትር ሲደርስ አሠሪው እርምጃ እንዲወስድ፣ 1.15 ሜትር እንዳያልፍ ደንግጓል። ለረጅም ዓመታት በዚህ ንዝረት ውስጥ የሠራ ሾፌር ለወገብ ሕመም ከሌላው ሰው ይልቅ የተጋለጠ ነው፤ ነፍሰ ጡር ሴት በእንዲህ ዓይነቱ መኪና ረጅም ኮረኮንች እንዳትጓዝ መጠንቀቅም ከዚሁ የሚመጣ ምክር ነው።

ለዚህ ነው የሾፌሩ መቀመጫ ከመጨረሻዎቹ ሳይሆን ከመጀመሪያዎቹ ጥገናዎች ጋር መቆጠር ያለበት። መቀመጫው ሲጎረብጥ ወፍራም ስፖንጅ መደራረብ የተለመደ ቢሆንም፣ ለስላሳ ስፖንጅ ላይ የተቀመጠ ሰው የራስ ምቱ 4 ሄርዝ አካባቢ ስለሚሆን መቀመጫው አካል የሚጠላውን ምት ሳይቀንስ ያበዛዋል። የሚሻለው የመቀመጫውን የተሰበሩ ሞላዎች አስጠግኖ በላዩ ጠጠር ያለና መጠነኛ ውፍረት ያለው ስፖንጅ ማልበስ፣ የወገቡን መደገፊያ ማስተካከል፣ በሁለት ሰዓት አንዴ ወርዶ መንቀሳቀስ ነው። ሾፌሩ ከጭነት ሠራተኞቹ ጋር ሙዝ የሚያነሣ ከሆነም፣ ከረጅም መንቀጥቀጥ በኋላ የወገብ ጡንቻዎችና የአከርካሪ ዲስኮች ለአጭር ጊዜ ስለሚደክሙ፣ ከጋቢናው እንደወረደ ከባድ ሸክም ሳይሸከም ለጥቂት ደቂቃዎች እየተራመደ መቆየት ይኖርበታል።